አሰብ የወረደው የሙሽራ አልጋ

ቆቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘው መምህር ታደሰ ነው፤ ቃሉ የእኔ የአጎትህ የሙሀመድሰይድ ነው። ታደሰ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። እጁ ጥሩ ነው ይሉታል። እኔ ማንበብ ስለማልችል መስመሩን ብቻ ነው የማየው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ እንጨት ቢሆን ይገጥም ነበር። ያልኩትን ጻፍ፣ ያማረ መስሎህ ከራስህ አትጨምር ብዬዋለሁ።

ታሂር የእህቴ ልጅ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ያለህበትን ባሕር አላህ ያብርድልህ፤ ከውኃም ከሰውም ክፉ ያውጣህ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ጉልበቴ ነው የማይታዘዘኝ፤ ተቀምጬ ለመነሳት ግድግዳ እፈልጋለሁ። ኡሙሃኒ ሚስቴ ደህና ናት፤ ምላሷም ደህና ነው።

የላክኸው ባርኔጣ በሹፌሩ በበለጠ እጅ ደርሶኛል፤ አድራሻህም በውስጡ ነበር። ባርኔጣውን ገልብጬ ስፌቱን አየሁት። የሠራው ሰው ያውቃል፤ ማንም የማያየውን ውስጡን እንደ ውጩ ነው የጨረሰው። አንድ ጁምዓ አድርጌው ብወጣ ኡሙሃኒ «ባንዳ መሰልክ» አለችኝ። አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከእንግዲህ ባርኔጣ አትላክ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እናትህ ራህመት ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ቤቷ ተዘግቶ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ባለፈው ሳምንት የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አላምረው መጣና በሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ጋሽ ሙሀመድሰይድ፣ ይህ ቤት ባለቤት የለውም። ለማኅበሩ እህል ማስቀመጫ ይሆናል» አለኝ።

«ባለቤቱ ባሕር ላይ ነው» አልኩት።

«ባሕር ላይ ላለ ሰው ቆቦ ላይ ቤት ምን ያደርግለታል?»

«አንተስ ቤት እያለህ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ አይደለህም ወይ?» አልኩት። ሳቀ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ተሟግተን ተሟግተን እስከ ሰኔ ሠላሳ ጊዜ ሰጠኝ። እስከዚያ ራስህ መጥተህ ስምህን አስመዝግበህ ከገባህበት ቤቱ ያንተ ነው። ካልመጣህ የማኅበሩ ነው።

በሩን ታውቀዋለህ። አያትህ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ነው ያወጣው፤ ሚስማር አልነካውም። እህል ሊያስገቡበት ሲፈልጉ ጠበበን ብለው ይነቅሉታል፤ በቦታው ቆርቆሮ ያቆማሉ። እኔ ይህንን ቆሜ አላይም። ካየሁም ሰው ፊት አለቅስ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ አልፈልግም።

ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? የምፈልገው አንድ ቃል ነው። አላህ ይጠብቅህ።

አጎትህ ሙሀመድሰይድ

*

ጄኖቫ፣ ጥር 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙሀመድሰይድ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። የአክብሮት ሰላምታዬ ከሩቅ አገር ይድረስዎ። አላህ ጤናዎን ይመልስልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ። እትዬ ኡሙሃኒን ይሳሙልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ከእጄ የገባው ዘግይቶ ነው።

ስለ እናቴ ቤት የጻፉትን አነበብኩ። ደግሜም አነበብኩት። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ።

እስከዚያው ያየሁትን ልንገርዎ፤ ሥራ የሚያውቅ ዓይን ያለው ሰው እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ነው። እስክንድርያ ላይ በባቡር ሐዲድ ላይ የሚሄድ የከተማ መኪና ተሳፈርኩ። ወንበሮቹ ከጠባብ ጣውላ የተሠሩ ናቸው። ስድሳ ዓመት ሰው ተቀምጦባቸው መሃላቸው ጎድጎድ ብሏል፤ ሲቀመጡባቸው ሌላ ሰው የተነሳበት ቦታ መሆኑ ይታወቃል። ናፖሊ ላይ ደግሞ ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ የእንጨት ሳጥን አለ። ውስጡ መስታወትና ለአንድ ሰው የምትሆን መቀመጫ አለችው፤ መዝጊያው እንደ ዳንቴል የተቆረጠ ብረት ነው። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። ዘበኛው ማንን ነው የምትፈልገው ቢለኝ «ሳጥኑን» አልኩት።

እዚህ ጄኖቫ በየወሩ አንድ እሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ማዕዘናቸው ነሐስ የሆነ ሻንጣዎች፣ ሽፋናቸው አረንጓዴ ብርጭቆ የሆነ መብራቶች፣ የሞቱ ሰዎች መነጽሮች በሳጥን ሙሉ። አልገዛም፤ እያነሳሁ ግርጌያቸውን አያለሁ። ዕቃን ገልብጠህ እይ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ከወደቡ በላይ ባለ ጠባብ መንገድ ደግሞ ቤፔ የሚባል ሽማግሌ አሮጌ ወንበር ይጠግናል። መቀመጫውን በሣር ገመድ ይጎነጉነዋል። እዚህ አገር ድሮ የተሠራ አንድ ዓይነት ወንበር አለ፤ በአንድ ጣት ይነሳል፤ ግን ሦስት ሰው ቢቀመጥበት አይሰበርም። ስለ እርስዎ የጠፍር አልጋ ነግሬው ሊያምነኝ አልቻለም። ቅርጹን በወረቀት ሣልኩለት፤ እግሩን፣ አግዳሚውን፣ ራስጌውን። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ግን ጠፋብኝ። እባክዎ አጎቴ፣ የእናቴ አልጋ ልኩ ስንት ነው?

መርከባችን በሚያዝያ መጨረሻ አሰብ ትደርሳለች ይባላል።

እጅዎን የሚስም፣ የእህትዎ ልጅ ታሂር

*

ቆቦ፣ የካቲት 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

አሁንም ታደሰ ነው የሚጽፈው። እየሳቀ ነው የሚጽፈው፤ እኔም አልከለከልኩትም።

ታሂር የእህቴ ልጅ፣ ሰላምህ ይብዛ፤ አላህ የጀመርከውን ይፈጽምልህ። ደብዳቤህ ሲነበብልኝ የሣጥኑን ነገርና የወንበሩን ነገር ሰማሁ። በአንድ ጣት የሚነሳ ወንበር ሌባም በአንድ ጣት ያነሳዋል፤ ይህንን ለቤፔ ንገረው። ታደሰ ማንበብ ሊጨርስ ሲል «የእናቴ አልጋ ልኩ ስንት ነው» የምትለው ላይ ደረሰ። «አቁም፤ እሷን ድገማት» አልኩት። ደገማት። ኡሙሃኒ ከጓዳ ሰምታ እልል አለች።

ታደሰ ግራ ገባው፤ የእኛን አገር ልማድ አያውቅም። አስረዳሁት። እዚህ ሰው ሲያገባ አልጋ የሚሠራለት የእናቱ ወንድም ነው። ግን አልጋ ሥራልኝ ብሎ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም፤ ያሳፍራል። «የአልጋው ልክ ስንት ነው?» ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። አጎትየው ይገባዋል። እኔም አጎቴን እንዲህ ብዬ ነው የጠየቅኩት፤ ላብ አስምጦኝ ነበር። አንተ ከባሕር ማዶ ሆነህ ወግህን አልረሳህም። ማሻአላህ።

የማን ልጅ እንደሆነች አልነገርከኝም፤ አልቀየምም፤ በወጉ ይደረስበታል። እስላም ትሁን እንጂ ከየትም ትሁን። ኡሙሃኒ ግን «ፈረንጅ ከሆነች አልጋው ይርዘም» ትላለች።

እንግዲህ ልክ አልልክልህም። ልክ አይላክም፤ የሚላከው አልጋ ነው። ከዋጃ እስከ ጎብዬ በእኔ አልጋ ላይ ያልተወለደ ሰው ብትቆጥር ጥቂት ነው፤ ለእህቴ ልጅ ቁጥር በወረቀት ልልክ ነው? የወይራ እግሩን ጠርቤያለሁ። ለአግዳሚው ለራሴ መቃብር ማልበሻ ብዬ ያስቀመጥኩት ዋንዛ ነበር፤ አውጥቼዋለሁ። ጉልበቴም ሥራ ሲያይ ተሻለው።

ለአላምረው ነገርኩት። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የራህመት ልጅ ሊያገባ ነው፤ ከሰኔ በፊት በእናቱ ቤት ይገባል» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። አላምረውም ቤቱን ከዝርዝሩ ላይ በእርሳስ ሰረዘው፤ በእስክሪፕቶ የምሰርዘው ሙሽራው ሲመጣ ነው አለ።

አልጋውን በበለጠ መኪና ጭኜ አሰብ ድረስ አመጣዋለሁ። ከመርከብ ስትወርድ በእሱ ላይ ተቀምጬ ታገኘኛለህ፤ አብረን እንመለሳለን።

ታደሰ አንድ ነገር ይላል። የላክኸው አድራሻ የመርከብ ሳይሆን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ነው ይላል። መርከብም ቢሆን አንድ ቦታ ይቆማል፤ ዝም ብለህ ጻፍ አልኩት።

አጎትህ ሙሀመድሰይድ

*

ጄኖቫ፣ መጋቢት 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ አላህ ያኑርልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አንብቤ መንገድ ላይ ወጣሁና ለረጅም ጊዜ ሄድኩ።

አጎቴ፣ ስለ ሠርግ የጻፉት እንዲህ የሚያስቸኩል አይደለም። በእኔ ምክንያት እንዳይደክሙ። አሰብ በጣም ይሞቃል፤ መንገዱም ለእርስዎ ዕድሜ ጥሩ አይደለም። መርከቧም መንገድ ልትቀይር ትችላለች ይባላል፤ እርግጠኛ ነገር የለም። አልጋውን አይሥሩት፤ ከሠሩትም ባለበት ይቆይ። ልኩን ብቻ ቢልኩልኝ በቂዬ ነበር።

ቤፔ ደህና ነው። ሰሞኑን ከቲያትር ቤት የመጡ አርባ ወንበሮች እየጠገነ ነው፤ ቀይ ከፋያቸው በብል ተበልቷል፤ ከግርጌያቸው የሠራቸው ሰው በእርሳስ የጻፈው ስሙ ተገኘ።

ሌላውን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ታሂር

*

ቆቦ፣ ግንቦት 9 ቀን 1973 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘው ታደሰ ነው። ዛሬ አይስቅም።

ታሂር፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። ሰላምታ ዕዳ ነው፤ አልከለክልህም።

አይምጡ ያልከኝ ደብዳቤህ ቆቦ የገባው እኔ ባቲ ስደርስ ነው። ስለዚህ አልሰማሁህም። ያየሁትን ልንገርህ፤ አንተ ያየኸውን ስትነግረኝ ቆይተሃልና ተራው የእኔ ነው።

ሚያዝያ አሥራ አራት አልጋውን ፈታትቼ በበለጠ መኪና ላይ ጫንኩ። መኪናው የጣሊያን ጊዜ ነው፤ ከእኔ ጋር አንድ ላይ ያረጀ። አካሉ እንጨት ነው፤ ማጠፊያዎቹን በእጄ ዳሰስኳቸው፤ በእሳት የተመቱ እንጂ የተገዙ አይደሉም። «በለጠ፣ ይህንን መኪና እንዳትሸጠው» ስለው «ማን ይገዛኛል ጋሼ፣ ዳገት ላይ እኮ እኔ ነኝ የምገፋው» አለኝ። የይለፍ ወረቀቱን የጻፈልኝ አላምረው ነው። ኡሙሃኒ የሙሽራውን ጋቢ በአልጋው እግር ላይ ጠቀለለችው፤ እንዳይጋጋጥ።

ሮቢትንና ጎብዬን አልፈን ኬላው ላይ ወታደር አስቆመን። እንጨቱን አየና «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«አልጋ።»

«የማን?»

«የሙሽራ።»

«ሙሽራው የታለ?»

«ባሕር ላይ።»

ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው። «ሽማግሌው ለዓሣ አልጋ ይዞ መሄዱ ነው» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር።

ደሴ በአንድ አሮጌ ሆቴል አደርን። የብረት አልጋ ሰጡኝ፤ አናቱ ላይ የነሐስ ጉልላት ያለው። ለዓይን ቆንጆ ነው። ስተኛበት ግን ሽቦው ጮኸ፤ ስገላበጥ የጎረቤቱ ሰው ግድግዳ መታ። ወርጄ መሬት ላይ ተኛሁ። አልጋ ስለ ባለቤቱ መናገር የለበትም።

ባቲ ገበያ ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ በእንጨት ትራስ ላይ አንገቱን አሳርፎ ጋደም ብሏል። ትራሱን አየሁት፤ ከአንድ ቁራጭ የወጣ፣ እግሩ እንደ ፍየል ቀጭን፣ ከአገልግሎት ብዛት እንደ ቀንድ ያበራል። እሱ ደግሞ ከመኪናው የወጣውን የአልጋ እግር አየ። ቋንቋ አልተግባባንም። ተነስቶ እግሩን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ወደ ትራሱ ራሴን ነቀነቅሁ። ከብዙ ሰው ጋር በአማርኛ እንዲህ አልተግባባሁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሙቀት አልነግርህም። አሰብ ደረስን። የወደቡ ዘበኞች አናስገባም አሉኝ፤ መርከቧ ገና ሦስት ቀን ይቀራታል አሉኝ። እንጨት ተፈታትቶ በዚያ ፀሐይ ከቆየ ይጣመማል። ስለዚህ እዚያው ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከአንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አልጋውን ገጠምኩት። ጠፍሩን በባሕር ውኃ ነክሬ ወጠርኩት። ሦስት ቀን በእሱ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁህ። የወደቡ ወዛደሮች በምሳ ሰዓት እየመጡ ይቀመጡበት ነበር። አንድ ጊዜ ስድስት ሆኑ፤ አልጮኸም። «አባባ፣ ለእኛም አንድ ሥሩልን» ይላሉ። «የእናትህ ወንድም የለህም?» እላለሁ። አሮጌዎቹን የዓረብ ጀልባዎችም አየኋቸው፤ ጣውላቸው ያለ ሚስማር የተሰፋ ነው። ታሂር ሲመጣ አሳየዋለሁ፤ ይህንን ሳያይ ነው ጄኖቫ የሚያደንቀው አልኩ።

መርከቧ ገባች። ሰዎች መውጣት ጀመሩ። እያንዳንዱን አየሁ። በመጨረሻ አንድ ወፍራም ሰው መጣ፤ ውቤ ይባላል፤ የመርከቧ ወጥ ቤት ነው። ስምህን ጠራሁለት። አልጋውን አየ፤ እኔን አየ፤ ባርኔጣዬን አየ። አዎ፣ ባርኔጣህን አድርጌው ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ ምኑ ነዎት?» አለኝ።

«አጎቱ።»

«ይቀመጡ እስቲ።»

«ተቀምጫለሁ» አልኩት።

እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። «ታሂር ጄኖቫ ላይ ከወረደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተመልሶ አልተሳፈረም። እኛ ብቻ ነን የምንመላለሰው፤ ባርኔጣውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ሙሽሪትስ ስለው «የምን ሙሽሪት?» አለኝ። የሰው ፊት አውቃለሁ፤ አልዋሸኝም።

አልጋውን ፈታሁት። ውቤ አገዘኝ። በዚያው መኪና ተመለስኩ። ኬላው ላይ ያው ወታደር ነበር። «ሙሽራው መጣ ወይ?» አለኝ። «አልጋው ጠበበው» አልኩት። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ካላገባህ፣ የአልጋ ልክ ለምን ፈለግህ? መልስልኝ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ሰባት ሳምንት አለ። የሚመጣ ሰው ከሆንክ ና።

ሙሀመድሰይድ

*

ጄኖቫ፣ ሰኔ 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አይመጣም፤ በውቤ እጅ ነው። ስለዚህ በመንገድ የሚከፍተው የለም፤ እውነቱን መጻፍ እችላለሁ። ከእግርዎ ሥር ወድቄ ነው የምጽፈው።

ልጠፋ ብዬ አልወረድኩም። መርከብ ላይ ሥራዬ ዝገት መፋቅ ነበር፤ ፍቀን ስንጨርስ ከጀመርንበት እንደገና ይዝጋል። አንድ ቀን የሁለት ሰዓት ፈቃድ ሰጡን። ወደ ላይ ወደ ጠባቡ መንገድ ስወጣ የተፋቀ እንጨትና የሙጫ ሽታ ሸተተኝ። ገባሁ። ቤፔ ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም፤ የወንበር እግር ሰጠኝና ያዝልኝ አለኝ። ያዝኩለት። ከዚያ ሌላ ሰጠኝ። መርከቧ ስትጮህ ሰማኋት። እነሳለሁ እነሳለሁ እያልኩ አልተነሳሁም። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ልመለስ ብል የት ነበርክ ይሉኛል፤ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ወንበር ይዤ ነበር ልበል?

በሚያዝያ አሰብ እገባለሁ ያልኩት እፍረት ነው። ቀኑ ሩቅ ስለነበረ ቀላል ሆነብኝ።

ልጅም የለችም፤ ሙሽሪትም የለችም። ልኩን የፈለግሁት ለራሴ ነው። የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ያለው የብረት አልጋ ነው። ሁለት ዓመት ስተኛበት አንድ ቀን እንኳ የእኔ ሆኖ አያውቅም። ቤፔ እንጨት እሰጥሃለሁ፤ የአገርህን አልጋ ሥራ አለኝ። ቅርጹ በዓይኔ አለ፤ ልኩ ግን ከእጄ ጠፍቷል። ልክ መጠየቅ እርስዎን አልጋ መጠየቅ መሆኑን፣ አጎቴ፣ ረስቼው ነበር። ደብዳቤዎን ሳነብ ነው ትዝ ያለኝ።

ቤቱን እባክዎ ይያዙልኝ። አላምረውን አንድ ዓመት ይለምኑልኝ። አንድ ቀን እመጣለሁ።

ታሂር

*

ቆቦ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘው ታደሰ ነው፤ ለክረምት ወደ አገሩ ሊሄድ ዕቃውን አስሮ፣ በእኔ ምክንያት አንድ ቀን ቆይቶ ነው። አላህ እጁን ይባርክለት።

ታሂር የእህቴ ልጅ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ባለህበት ሰው ይስጥህ።

ደብዳቤህን ውቤ ለበለጠ ሰጥቶት፣ በለጠ ሐምሌ አምስት አመጣው። ቀኑ አልፎ ነበር። ባያልፍም ለውጥ የለውም፤ ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ የቤቱን ነገር ጨርሼዋለሁ። ስብሰባው ላይ ተነሳሁ። ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ሁሉ ነበሩ። «የራህመት ልጅ አይመጣም። እኔ የነገርኳችሁ ስሕተት ነው፤ ውሸት ግን አይደለም፤ እኔም አምኜው ነበር» አልኩ። አላምረው የቤቱን ማስረከቢያ ወረቀት አቀረበልኝ፤ ጣቴን በቀለሙ ነክሬ አተምኩ። ወረቀቱን ሲያነሳ «ጋሽ ሙሀመድሰይድ፣ በሩን አንነቅለውም፤ እህሉን በመስኮት በኩል እናስገባለን» አለኝ። «በመስኮት እህል የሚያስገባ ማኅበር መሳቂያ ይሆናል፤ ንቀሉት» አልኩት። አልነቀሉትም እስካሁን። ይነቅሉታል። በማግስቱ ራሴ ሄጄ የሚዞርበትን ቦታ ቅባት ቀባሁት፤ ሲነቅሉት እንዳይሰነጥቁት።

ስለዚህ ቤት ያዙልኝ አትበለኝ። የሚያዝ ነገር የለም።

ስለ መርከቡ አልቀየምኩህም። ሰው ዝገት ሲፍቅ አይኖርም። ስለ ሚያዝያውም ውሸት ተናድጄ በርዶልኛል። ያልበረደልኝ አንድ ነው፤ መርሳትህ። ልክ ሲጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በወገናችን ከቀረነው ወንዶች ከእኔ ሌላ አንተ ብቻ ነበርክ። ኡሙሃኒ «አልረሳም፤ የጠየቀው እጁ ቢሆንም ልቡ ያውቅ ነበር» ትላለች። ሴት ናት፤ ታመካኝልሃለች። እኔ ረሳ ብዬ ነው የያዝኩት።

አልጋው የት እንደደረሰ ልትጠይቀኝ አፍረሃል። እኔና ኡሙሃኒ እየተኛንበት ነው። አርባ ዓመት የአናጢ ሚስት ሆና የምትተኛው እግሩ በድንጋይ የተደገፈ አልጋ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ስትተኛ «ለካ ሥራ ታውቃለህ!» አለችኝ። ጠፍሩ የባሕር ውኃ ስለጠጣ ጨው ያወጣል፤ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ታብሰዋለች።

እንግዲህ ስማ። የእናትህ ወንድም ነኝ። የጠየቅኸው ልኩን ነው፤ ልኩን እሰጥሃለሁ። ታደሰ ፊደሉን አሳምረው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

የእግሩ ቁመት አንድ ክንድ ነው። ክንድ ስልህ የእኔ አይደለም፤ በአገር ልማድ የሚለካው በሚተኛበት ሰው ክንድ ነው። ከክርንህ እስከ መሃል ጣትህ ጫፍ። ሰው በሌላ ሰው ክንድ በተለካ አልጋ የተመቸ እንቅልፍ አይተኛም፤ በሸራ ሜትር እንዳትለካ። ታደሰ በትምህርት ቤቱ ማስመሪያ ልለካልህ ብሎ ነበር፤ አልፈቀድኩም። ርዝመቱ አራት ክንድ ነው። ወርዱ በራስጌ በኩል ሁለት ክንድ ከስንዝር ነው፤ በግርጌ በኩል ሁለት ጣት ትቀንሳለህ፤ ሰው ትከሻው ነው እንጂ እግሩ ሰፊ አይደለም። ብቻዬን ነኝ ብለህ ወርዱን እንዳታጠብበው። ሰምተሃል? እንዳታጠብበው።

እግሩን በአንድ እጅህ ጨብጠው፤ ጣቶችህ ከተገናኙ ቀጥኗል። ወይራ ከሌለ ከዚያ አገር ጠንካራው እንጨት የትኛው እንደሆነ ቤፔን ጠይቀው፤ ኳ ኳ አድርገህ አዳምጠው። ሚስማር አይገባም። በአግዳሚው ላይ ጠፍሩ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በየአራት ጣቱ ናቸው፤ ከማዕዘኑ ግን ስድስት ጣት ትርቃለህ፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ጠፍሩ ከአንድ በሬ ቆዳ ይወጣል። ከዳር ጀምረህ እየዞርክ እስከ መሃሉ ትቆርጠዋለህ፤ አይቀጠልም፤ ቋጠሮ የገባበት ጠፍር ጀርባ ይበላል። ሁለት ቀን ትነክረዋለህ። እርጥብ ሆኖ ነው የሚወጠረው፤ በጥላ ነው የሚደርቀው። መጀመሪያ በርዝመቱ ዘርጋ፤ ከዚያ በወርዱ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረግህ እለፍ። የመጨረሻውን ጫፍ በራስጌ በኩል ከውስጥ ትቀብረዋለህ፤ ማንም አያየው።

ውቤ የዚያ አገር ክረምት እርጥብ ነው ብሎኛል። እንግዲያው ጠፍሩ ይላላብሃል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፈትተህ እንደገና ወጥረው። በየዓመቱ ነው የምልህ፤ አትስነፍ።

ሲያልቅ ገልብጠህ ግርጌውን እየው። ካላፈርክበት ቀና አድርገው፤ ቢስሚላህ ብለህ ተኛበት። አላህ ዕረፍት ይስጥህ።

አጎትህ ሙሀመድሰይድ

በል ታደሰ፣ አሁን አንብብልኝ። ሰላምታውንና ንትርኩን እለፈው። ከእግሩ ቁመት ጀምር፤ ቀስ እያልክ፤ አንድ ጣት እንኳ እንዳይሳሳት።